የእትዬ ሺዙኤ እጆች

ታማኪ ጡረታ ልትወጣ አንድ ክረምት ሲቀራት፣ ካናዛዋ ከተማ ውስጥ በነርስነት በምትሠራበት ጽኑ ሕሙማን ክፍል አዲስ ዕቃ ገባ። የሕመምተኛው ጣት ላይ እንደ ቀለበት ይጠለቅና የደም ግፊቱን፣ የልቡን አቅም እየለካ ያሳያል። ታማኪ ሳቀችበት።

«ልብን በጣት? ነገ ደግሞ በጫማ ለኩት ትሉናላችሁ!»

እሷ የሚናፍቃት ድሮ ነው። ያኔ የልብን አቅም የሚለካ ቀጭን ቱቦ በአንገት ገብቶ እስከ ልብ ይወርዳል። ሐኪሙ ሲገፋ እሷ ማሽኑ ላይ የሚታየውን የልብ ሞገድ እያየች «ገባ!» ስትል ክፍሉ በሙሉ እፎይ ይላል። ይህን ሥራ ያስተማሯት የነርሶች አለቃ የነበሩት እትዬ ሺዙኤ ናቸው፤ ቁጣቸው የሚያንቀጠቅጥ፣ «አበጀሽ» የምትል ቃል ግን ካፋቸው ወጥታ የማታውቅ። ቢሆንም ደግ ዘመን ነበር።

አሁን እኚያው እትዬ ሺዙኤ ደማቸው ተመርዞ እዚያው ክፍል ተኝተዋል። ደማቸው አልረጋ ስላለ አንገታቸውን መውጋት ራሱ ሊገድላቸው ይችላል። ስለዚህ ቀለበቱ ተጠለቀላቸው።

ከቀትር በኋላ ታማኪ ወደ አልጋው ስትጠጋ ማሽኑ ላይ ያለው የደም ግፊት ቁጥር አሽቆለቆለ። ወጥታ ስትመለስም ያው። በሦስተኛው ጊዜ ደሟ ፈላ።

«ዶክተር ኩሮሴ፣ ይሄ መጫወቻ ይውለቅና በአንገት እንግባ! እትዬ ሊያመልጡን ነው።»

«ቢደሙስ?»

«ዝም ብለን ስናይ ቢሞቱስ?»

ወጣቱ ሐኪም እያመነታ ጓንቱን አጠለቀ፤ መርፌውም ቀረበ። ወደ አልጋው ሲዞር ግን ቆም አለ።

«ሲስተር፣ እስቲ እጃቸውን ይዩ።»

እትዬ ሺዙኤ መዳፎቻቸውን ገጥመው ወደ ፊታቸው ከፍ አድርገው ታማኪን እያዩ ነበር፤ የአገሩ አሮጊቶች አስታማሚያቸውን ሲያመሰግኑ እንደሚያደርጉት። ቀለበት ያለበት እጅ ከልብ በላይ ከወጣ ቁጥሩ ይወርዳል። ታማኪ ይህን አሳምራ ታውቃለች። ግን እትዬ ሺዙኤ ያመሰግናሉ ብሎ ማን ይገምታል?

እጆቻቸውን ይዛ ቀስ ብላ አወረደቻቸው። ቁጥሩ ተመለሰ፤ መርፌውም ተነሣ። ያን ጊዜ የድሮው ሌላ ነገር ትዝ አላት። ሕመምተኛው ቱቦውን እንዳይነቅል ሁለት እጁን ከአልጋው ብረት ጋር የምታስረው እሷ ነበረች። አፈረች።

«እትዬ፣ ይበቃል። እጅዎን አያንሡ፣ ማሽኑን ያሳስቱታል።»

«ዝም በይ!» አሉ በዚያው በድሮ ድምፃቸው። «ስንት ዘመን አፌ እምቢ ያለኝን በእጄ ልናገር ብል፣ አሁንም ልትከለክዪኝ ነው?»

እጆቻቸው እንደገና ተነሡ። ቁጥሩ ወረደ፤ ማሽኑ ጮኸ። ዶክተር ኩሮሴ ጩኸቱን አጠፋላቸው።