የአያ ይስማው የሳሳ አንጎል

ይህ ያጋጠመኝ በደርግ ዘመን፣ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በተጧጧፈበት ወቅት ነው። ዛሬም ትዝ ሲለኝ መጀመሪያ እስቃለሁ፤ ከዚያ አፍራለሁ።

ከናዝሬት ተመድቤ ቢቸና የባዮሎጂ አስተማሪ ነበርኩ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ሽማግሌዎችን ፊደል አስቆጥራለሁ። አንድ ቀን እውቀቴን ላሳያቸው አማረኝና ሰሌዳው ላይ ሁለት አንጎል ሣልኩ፤ የወጣትና የአዛውንት። "ጤነኛ ሰውም ቢሆን ሲያረጅ የአንጎሉ የላይኛው ሽፋን ይሳሳል፤ በእጥፋቶቹ መካከል ያለው ስርጉድም ይሰፋል" አልኩ። ማን ጠየቀኝ?

ከተማሪዎቼ ሁሉ ሰነፍ የነበሩት አያ ይስማው ያን ቀን ነቁ።

"የእኛም ሳስቷል በለኛ?"

"ትንሽ። ግን በሽታ አይደለም።"

"ተወው፣ ይበቃናል።"

በማግስቱ ክፍሉ ባዶ ሆነ። ሽማግሌዎቹ በአያ ይስማው መሪነት ቀበሌ ሄደው፣ "አንጎላችን ስለሳሳ ትምህርት አይገባንም፤ መምህሩ ራሱ መስክሯል" ብለው እንዲሰናበቱ ጠይቀው ኖሯል።

የቀበሌው ሊቀመንበር አስጠራኝ። በእጁ የጻፈውን ክስ ፊቱ ዘርግቶ፣ "ዘመቻውን ለማሰናከል ሕዝብ ቀስቅሰሃል" አለኝ። በዚያን ጊዜ ይህች ቃል ሰው ታሳስር ነበር፤ ከዚያም የባሰ ታመጣ ነበር።

ለምስክርነት የተጠሩት አያ ይስማው ከጠረጴዛው ወዲህ ቆመዋል። እኔን አዩ፣ ወረቀቱን አዩ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ልጄ፣ እዚህ 'አዛውንት መማር አይችሉም ብሎ አስተምሯል' ያልከው ውሸት ነው። እሱ ይሳሳል አለ እንጂ አይችሉም አላለም። የጨመርኩበት እኔ ነኝ።"

ክሱን ማንም አላነበበላቸውም፤ ከወዲህ ቆመው፣ ተዘቅዝቆ እያዩት ነው ያነበቡት። ለካ በልጅነታቸው የቆሎ ተማሪ ነበሩ። አንዱን ዳዊት አራት ሆነው ከበው ስለተማሩ ፊደል በየትኛውም በኩል ቢዞር አያመልጣቸውም። ማንበብ የሚችል ሁሉ አስተማሪ ሆኖ ስለሚመደብ ግን፣ ለመዝጋቢው "አልችልም" ብለው እኔ ክፍል ሲያንቀላፉ ከርመዋል።

ሊቀመንበሩ ሳቁን መያዝ አቃተው። ክሱን ቀደደና አያ ይስማውን እዚያው እኔ ክፍል አስተማሪ አድርጎ መደባቸው።

ስንወጣ፣ "እንግዲህ ደስ ይበልህ፣ ስሸሸው የከረምኩትን አሸከምከኝ" አሉኝ። እኔ መትረፌን እንጂ ሌላ አላሰብኩም፤ አመሰግናለሁ እንኳ ሳልላቸው ሄድኩ።

አሁን እሳቸው የነበሩበት ዕድሜ ላይ ስደርስ፣ ከእርሻ መልስ የምትገኝ ያቺ የከሰዓት እንቅልፍ ለሽማግሌ ምን ያህል እንደምትጣፍጥ ገባኝ። ለእኔ ሲሉ የተዉት እሷን ነው።