እንቅልፍ ፍለጋ ጎንደር

ከመካነ ብርሃን አለፍ ብሎ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ አራት ዓመት ብቻዬን አዋልጃለሁ። ሁለተኛ አዋላጅ ነርስ ይመደባል ሲባል እሰማለሁ፤ የሚመጣው ግን ወላድ ብቻ ነው። የቤት ኪራዬ ከቁም ነገር የሚገባ አልነበረም፤ ድንቹም ገብሱም ከደጄ አይጠፋም። የጠፋው እንቅልፍ ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ሁለት ቀን ሙሉ ዓይኔን ሳልከድን ቆይቼ፣ በቃሬዛ ከመጣች ሴት አጠገብ ወንበር ላይ ቁጭ አልኩ። የመጀመሪያ ልጇን እያማጠች ነበር። ከዚያ የማስታውሰው ትከሻዬን የነካኝን እጅ ነው።

«እታለም፣ ደረሰ መሰለኝ» አለችኝ።

ዘልዬ ተነሣሁ። ልጁ በሰላም ተወለደ። የነጠላዋን ጫፍ ሳየው በምራቅ ርሷል፤ ጥርሷ ያረፈበትም ተተርትሯል።

«ምነው ሳትጮሂ?» አልኳት።

«ትንሽ እንኳ ብታሸልቢ ብዬ ነዋ።»

እንቅልፍ እንደጣለኝ ውጭ ለቆሙት ዘመዶቿም ትንፍሽ አላለችም። እኔ ግን እፍረቱ ገደለኝ። በማግስቱ የዝውውር ማመልከቻ ጻፍኩ።

ጎንደር፣ አሁን ባለሁበት ሆስፒታል፣ በአንድ ፈረቃ አራት አዋላጆች ነን። መጀመሪያ ሰሞን እንዴት ደስ እንዳለኝ! ደስታዬ የቆየው አከራዬ ኪራይ እስክትጨምር ነው። ደመወዜ ከወሩ አጋማሽ ስለማያልፍ፣ ከሆስፒታሉ እንደወጣሁ ተጨማሪ ልሠራ በቀጥታ ወደ አንድ የግል ክሊኒክ እሮጣለሁ። ሦስቱ ባልደረቦቼም እንደዚሁ ናቸው። እዚያ ብቻዬን አዛጋ ነበር፤ እዚህ አራት ሆነን እናዛጋለን። ከድጡ ወደ ማጡ ይሉ የለ! የሚያናድደኝ ሌላ ነው፤ እዚያ ስደክም ለወላድ ነበር፣ እዚህ ግማሹ ድካሜ ለአከራዬ ነው።

ባለፈው ክረምት ያቺው ሴት ሁለተኛ ልጇን ልትወልድ በአምቡላንስ መጣች። በእኔ ቦታ እስካሁን ሰው ስላልተተካ፣ ምጥ እንደያዛት ያን ሁሉ መንገድ ስትንገላታ ውላለች። ገና ሳያት ዐወቅኋት። ጥለሽን ሄድሽ ትለኛለች ብዬ ፈራሁ።

እሷ ግን እጄን ያዘችና፣ «እታለም፣ እንዲያው አሁንስ ትተኛለሽ?» አለችኝ።

«እተኛለሁ» አልኳት። ዋሸኋት።

ዓይኔን ትክ ብላ አየችው። ቀጥሎ ምጡ ሲመጣባት ድምፅ አላሰማችም፤ የነጠላዋን ጫፍ ወደ አፏ ወሰደች።