ወንበር የቀረበልን ቀን

በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የተቀበለኝ የሽንኩርት ሽታ ነው። ያስገቡን ከሸዋ ሮቢት ዳር ባለ አሮጌ የሽንኩርት መጋዘን ውስጥ ነበር። ጣሪያውም ግድግዳውም ቆርቆሮ ስለሆነ ከረፋድ ጀምሮ ፀሐይ ሲመታው ይንጣጣል። በየጥጉ የተከማቸው የሽንኩርት ልጣጭ ሰው በተራመደ ቁጥር እየተነሳ ልብሳችን ላይ ይለጠፋል። የታሰርነው ሴቶች ብቻ ነበርን።

ጥፋታችን ስብሰባ ነው። በአካባቢያችን ግጭት ተነስቶ የገበያው መንገድ ሲዘጋ፣ ከወዲህም ከወዲያም ያለን እናቶች ጀውሃ አጠገብ ተገናኝተን መንገዱ ስለሚከፈትበት ተነጋገርን። ያለ ፈቃድ ተሰበሰባችሁ ተባልን። ቀጥሎ ከጀርባችሁ ማን አለ ተባልን። ከጀርባችን የነበረው የተጠለልንበት ግራር ብቻ ነው ብዬ መለስኩ። መርማሪው አልሳቀም።

አብራን አንዲት መምህርት ታስራ ነበር። ከሩቅ አገር ተመድባ የመጣች ናት፤ ስብሰባው ላይ የተገኘችው የተማሪዎቿ እናቶች ጠርተዋት ነው። ስትያዝ ሆዷ ገፍቶ ነበር፤ መጋዘኑ ውስጥ ሳለች ወሯ ገባ። እግሯ አበጠ፣ ራሷን ያማት፣ ዓይኗም ብዥ ይልባት ጀመር። ጀውሃ ላይ ለከባድ መኪና ሾፌሮች ምግብ የምትሸጥ፣ ሁላችንም የጀውሃዋ የምንላት ሴት ብዙ አራስ አይታለች። የመምህርቷን እግር በጣቷ ተጭና አየችና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

"ይኼ የደህና እብጠት አይደለም" አለችኝ።

ሐኪም ቤት እንዲወስዷት የጥበቃውን ኃላፊ ደጋግመን ለመንነው። "ከበላይ ሲፈቀድ" ይለናል። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ፈሪ ነበር። ለታመመ ሰው የሁለቱ ልዩነት ብዙ አይደለም።

አንድ ጠዋት ውሃ በቦቴ መጣልን። ወለሉ ተጠረገ። ልጣጩ ሁሉ ወጣ። ከዚያም በዚያ ቤት አይተነው የማናውቀው ነገር መጣ፤ የፕላስቲክ ወንበር። ኃላፊው መሐላችን ቆመ።

"ዛሬ የውጭ አገር እንግዶች ይመጣሉ" አለ። "ከኤምባሲ ነው፤ ትልልቅ ሰዎች ናቸው። ምግቡ ደህና ነው፣ ሕክምና አለ፤ በቃ። ወዲያ ወዲህ የለም።" ወደ እኔ ዞረ። "እትዬ፣ እርስዎ አሥራ ሁለተኛን የጨረሱ ጨዋ ሰው ነዎት። እርስዎ ይናገሩ።"

"ምን ልበል?"

"አረፍ ብለው፣ ደህና ነን ይበሏቸው።"

መምህርቷን ግን ከኋላ ወዳለው የዕቃ ክፍል ወሰዷት። እንግዳ እንዳይረበሽ ነው ተባለ። በሩን ሲዘጉ እጇ መቃኑን ይዞ ስለነበር ጠባቂው አላቆ አስገባው።

"እሺ ጨዋዋ" አለችኝ የጀውሃዋ፣ "ምን ልትዪ ነው?"

"ክፉ ከተናገርኩ፣ እንግዶቹ ሲሄዱ መከራው የሚወርደው እሷ ላይ ነው።"

"ታዲያ ደህና ነን ልትዪልን?"

ወንበሮቹን ሳይ አባቴ ትዝ አለኝ። አባቴ በይፋት ቆላ ደም ሲያደርቅ የኖረ ሽማግሌ ነበር። ለዕርቅ ከሰው ቤት ሲደርስ "ግቡ፣ ተቀመጡ" ቢሉት አይቀመጥም። ባለቤቱ ጉዳዩን ጠይቆ "እሺ" እስኪል ቆሞ ይጠብቃል። ሽማግሌ አቁሞ የዋለ ቤት በአገር ይታዘቡታል።

"አንቀመጥም" አልኩ።

የጀውሃዋ ወዲያው ገባት። ሳቋን በሻሿ አፈነች። "ቢስሚላህ! ጉልበቴ ቁርጥማት አለበት፤ ለዚህስ እቆማለሁ" አለች። ነገሩ በሹክሹክታ ለሁሉም ደረሰ።

እንግዶቹ ከቀትር በፊት ገቡ። ፀጉሯ የሸበተ ፈረንጅ ሴት ከፊት አለች፤ አስተርጓሚው የአገራችን ልጅ ነው። ኃላፊው ድምፁን ሞቅ አደረገ።

"እንኳን ወደ ቤታችን በደህና መጣችሁ!" ወደ እኛም ዞረ። "እናቶቼ፣ ተቀመጡ፤ ቤታችሁ ነው።"

የተሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በገዛ አፉ የቤቱ ባለቤት ሆነ፤ እኛንም ደጁ የቆምን ሽማግሌዎች አደረገን።

ማንም አልተቀመጠም።

"ተቀመጡ እንጂ!"

እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ እጅ ነሳሁ። "እግዜር ይስጥልን። የመጣንበት ጉዳይ አለን። ሲፈጸምልን እንቀመጣለን።"

ፈረንጇ ልትቀመጥ ስትል ቆም ብላ አስተርጓሚውን ጠየቀችው። ልጁ ኃላፊውን አየት አደረገና ነገራት። በትምህርት ቤት የተማርኳት እንግሊዝኛ ብትዝግም ያለውን ሰማሁ፤ በዚህ አገር ለልመና የመጣ ሽማግሌ እሺ ሳይባል አይቀመጥም፣ አቁሞ ማዋሉም ለባለቤቱ ነውር ነው አላት። ሴትዮዋ የያዘችውን ወንበር ለቀቀች።

"እንግዲያው እኔም እቆማለሁ" አለች።

ያኔ ኃላፊውም መቀመጥ አልቻለም። ቆርቆሮው ይንጣጣል። ለእንግዶቹ የተከፈተውን ለስላሳ የነካው የለም። ኃላፊው ተጠግቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"እትዬ፣ እግርዎን አያምዎትም?"

"ያመኛል የኔ ልጅ።"

"ታዲያ ለምን ያዋርዱኛል?"

"ላከብርህ ነው የቆምኩት። የሚለመነው እኮ እሺ ማለት የሚችል ሰው ነው።"

"ጌታው" አለች የጀውሃዋ ከኋላዬ፣ "እኔ ቶሎ ካልተቀመጥኩ የምወድቀው አንተው ላይ ነው። ክብደቴን ደግሞ እያየኸው ነው።" አንዱ ጠባቂ ሳቁን በሳል ሸፈነ።

ኃላፊው ግንባሩን ጠረገ። ከዚያ እንደ ባለቤት፣ ሁሉም እየሰማ ጠየቀኝ።

"ጉዳያችሁ ምንድን ነው?"

"በዕቃ ክፍሉ ውስጥ ወሯ የገባ፣ የታመመች ነፍሰ ጡር አለች። አሁን ሐኪም ቤት ትሂድልን። ሌላ ልመና የለንም።"

አስተርጓሚው ተረጎመ። ፈረንጇ ዞራ ኃላፊውን አየችው። መልሱን ለእሱ በመተዋቷ በሆዴ አመሰገንኳት። ኃላፊው ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ ጥቂት ያዘው፤ ለማንም ሳይደውል መልሶ ከተተው።

"እሺ" አለ። "ትሂድ።"

ከእኛ አንዳንዶቹ ሊቀመጡ ጎንበስ አሉ።

"ገና ነው" አልኩ።

የዕቃ ክፍሉ ተከፈተ። ሁለት ጠባቂዎች ደግፈው አወጧት። ፊቷ ሁሉ አብጧል። በአጠገባችን ስታልፍ የጀውሃዋ ፎጣዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገችላት። መኪናው ሲነሳ፣ ከግቢው ሲወጣ፣ አስፋልቱን ይዞ ሲርቅ ቆመን ሰማን። ድምፁ ሲጠፋ ነጠላዬን አስተካከልኩ፤ ወንበሩን ሳብ አድርጌ ተቀመጥኩ። ከኋላዬ ሁሉም ተቀመጡ።

"አሁን ይጠይቁን" አልኩ። የጠየቁንን ሁሉ ተቀምጠን፣ እውነቱን መለስንላቸው።

መምህርቷ በዚያው ቀን በቀዶ ሕክምና ሴት ልጅ ወለደች። ሐኪሙ ትንሽ ቢዘገይ ኖሮ ሁለቱም አይተርፉም ነበር ብሏል። ዛሬ ደብረ ሲና ታስተምራለች፤ በእሸት ጊዜ ባቄላ ትልክልኛለች። እኛም ብዙ ሳንቆይ ያለ ክስ ተለቀቅን። የገበያው መንገድ ተከፍቷል። በዜና ግን ያስከፈተው ሌላ ሰው ነው ተባለ፤ የእናቶቹን ስብሰባ ያነሳው የለም።

የጀውሃዋ ስትጠይቀኝ ስትመጣ አብረን ቴሌቪዥን እናያለን። የየአገሩ መሪዎችና መልእክተኞች ለድርድር ሲገቡ ያሳያል፤ ረጅም ጠረጴዛ፣ የታሸገ ውሃ፣ ትንንሽ ባንዲራ።

"አየሻቸው?" ትለኛለች። "ገና ከመግባታቸው ተቀመጡ።"

"አትፍረጂባቸው" እላታለሁ። "እግራቸውን አሟቸው ይሆናል።"