አሜን ሳይባል የሄደችው መኪና

ባለፈው እሑድ ጎረቤታችን አዲስ የገዛውን መኪና ሊያስመርቅ ሰፈሩን ጠርቶ ነበር። መኪናው ነጭ ነው፤ የመቀመጫው ላስቲክ ገና አልተገፈፈም። ከእንሰት የተሠራው ሙቹዋ በቅቤ ርሶ፣ የቃሪያው ዳጣ በየሳህኑ ጥግ ተቀምጦ ይጠብቀናል፤ ነገር ግን ምግብ ከመቅረቡ በፊት መኪናውን ከበን ቆምን። የቤተ ክርስቲያናችን መጋቢ "እንጸልይ" ሲሉ ሰው ሁሉ ዐይኑን ጨፈነ። እኔን ግን እምቢ አለኝ። ዐይኔ ከጎማው ላይ አልነቀል አለ። በኋላ የባለመኪናው ሚስት "እትዬ አስቴር፣ ስንጸልይ ዐይንሽን ገልጠሽ ነበር አሉ" ብላ አሾፈችብኝ። ያየኝ ሰው እንግዲህ እሱም ገልጦ ነበር ማለት ነው።

እኔስ ምክንያት አለኝ። መኪና ቆሞ ሲጸለይለት ዐይኔን መጨፈን ከተውኩ ብዙ ዘመኔ ነው፤ ከልጅነቴ፣ ከወንድሜ ከማቴዎስ መኪና ጀምሮ ነው።

ያኔ የምንኖረው ከሶዶ ወደ ገሱባ በሚወስደው መንገድ፣ ከከተማው ትንሽ ወጣ ብሎ፣ ተዳፋት ላይ ነበር። ከግቢያችን በር ጀምሮ ቀዩ መንገድ ቁልቁል ይወርዳል፤ እወንዙ ላይ የእንጨት ድልድይ አለ፤ ከድልድዩ ማዶ ደግሞ ወደ ሶዶ ገበያ ዳገቱን ይያያዛል። አባቴ ገበሬ ነው። ማቴዎስ ታላቄ ነው፤ ዱቦ አካባቢ አልጋና በር ከሚሠራ ብየዳ ቤት ገብቶ ሙያ ለምዷል። እዚያ ነው አንድ ቀን ምስማር የተጠቀለለበትን የውጭ አገር መጽሔት ገጽ አግኝቶ ይዞልኝ የመጣው። ሥዕሉ ላይ አንድ ሰው ጓሮው ውስጥ በሳጥን የተላከለትን መኪና ይገጣጥማል።

"የአንተስ ሳጥን የት አለ?" አልኩት።

"የኔ ተበትኖ ነው የመጣው" አለኝ ሳይስቅ። "ግማሹ ሶዶ ነው፣ ግማሹ ቦዲቲ፣ ጥቂቱ ገሱባ። እኔ መልቀም ብቻ ነው የሚቀረኝ።"

ለቀመውም። አጥንቷን ከውሃ ቧንቧ በየደ። ጎማዎቿ የፈረስ ጋሪ ጎማዎች ናቸው። መሪዋ የመጣው ገሱባ አንድ ቢሮ ጀርባ ዶሮ እንቁላል ከሚጥልበት የሞተ ላንድሮቨር ላይ ነው። ሞተሯ ቦዲቲ የወደቀ ሞተር ሳይክል ሞተር ነበር። ገላዋን ከበርሜል ቆርቆሮ ቀጥቅጦ ቀይ ቀለም ቀባት። መቀመጫውን እኔ ሰፋሁ፤ በዱንጉዛ ጨርቅ፣ ውስጡን በእንሰት ቃጫ ሞልቼ። ክረምቱን ሙሉ በአንድ እጄ የበቆሎ እሸት እየጋጥኩ በሌላው ብረት ይዤለታለሁ፤ እስከ ዛሬ የተጠበሰ እሸት ሲሸተኝ የብየዳ ጭስ አብሮ ይሸተኛል። የኋላ ማርሽ አልነበራትም። የእጅ ፍሬንም አልነበራትም፤ ስትቆም ጎማዋ ሥር ድንጋይ ታኮ ይደረግላታል፣ አለቀ። መጀመሪያ የተነሣች ዕለት ዶሮዎቹ ጣራ ላይ ወጡ፣ እኔ አለቀስኩ። ከቧንቧና ከበርሜል የተሠራ ነገር ሲተነፍስ ማየት ያስለቅሳል።

አባታችንን ግን አላስለቀሰውም። በዚያ ዘመን ከእኛ አገር ጎረምሳ እየተሰበሰበ አዋሽ ጥጥ እርሻ ይወርድ ነበር። አጎታችን ላንታ እዚያ ቆይቶ ስለሚያውቀው በየዓመቱ ከዘመን መለወጫችን ከጊፋታ በዓል በኋላ ልጆች ይዞ ይሄዳል። በዚያ ዓመት ተራው የማቴዎስ ነው ተባለ። ከሰፈራችን ወርዶ ወባ ይዞት የተመለሰ ጎረምሳ መቃብሩ ገና ሣር አላበቀለም። እናቴ ስለ አዋሽ ወሬ በተነሣ ቁጥር ተነሥታ ከቤት ትወጣለች። ማቴዎስ ደግሞ "ሥራ አለኝ፣ መኪናዬን ልጨርስ" ይላል፤ አጎቴ ላንታም "የቱ መኪና? ያ የዶሮ ቤት?" እያለ ይስቅበታል።

የጊፋታ ዕለት ሥጋው ተበልቶ ሽማግሌዎች እንደተቀመጡ አባቴ ተናገረ። በቤታችን የምንነጋገረው በወላይትኛ ነው፤ ነገሩ ወደ አማርኛ ሲመጣ እንዲህ ነው።

"ያ ብረት ቅዳሜ እኔን ከዚህ ግቢ አንሥቶ ሶዶ ገበያ ካደረሰኝ፣ ማቴዎስ ይቀራል። ካላደረሰኝ ከላንታ ጋር ይወርዳል።"

ሽማግሌዎቹ "ጥሩ ተናገርክ" አሉት። ሽማግሌ ፊት የወጣ ቃል እንደ ፈሰሰ ውሃ ነው፣ አይታፈስም። ማቴዎስ እስከ ቅዳሜ ድረስ በቅጡ እህል አልቀመሰም።

ቅዳሜ ጠዋት ሌሊት የዘነበው ዝናብ መሬቱን አርሶት ነበር። ማቴዎስ መርገጫዋን ረገጠ፣ ረገጠ፣ ላቡ ጠብ እስኪል ረገጠ። በመጨረሻ ተነሣች። አባቴ ነጭ ጋቢውን ደርቦ፣ ከዘራውን ይዞ፣ ሙሽራ ይመስል መቀመጫው ላይ ወጣ። ይሄኔ እናቴ መኪናዋ ፊት ቆመች።

"ያለ ጸሎት አትንቀሳቀስም።"

"እማዬ፣ ሞተሩ ከጠፋ እንደገና ላይነሣ ይችላል!"

"ማን አጥፋው አለህ? እየጮኸ ይጸለይለታል።"

የሚጸልዩት ጎረቤታችን ወንጌላዊ ባሳ ነበሩ። ወንጌላዊ ባሳ ደግ ሰው ናቸው፤ ጸሎታቸው ግን ከፍጥረት ጀምሮ ነው የሚመጣው። ማቴዎስ ተቀምጦ መጸለይ ነውር ስለሆነ ወረደ፣ ባርኔጣውን አወለቀ። አባቴን ግን ወንጌላዊው "እርስዎ አይነሡ" አሉት። አጎቴ ላንታ እንኳ አንገቱን ደፋ። ሁላችንም ዐይናችንን ጨፈንን።

ወንጌላዊው ሰማይና ምድርን ፈጠሩ፣ ኖኅን ከመርከቡ አወጡ፣ መንገደኞችን ሁሉ በየስማቸው ጠሩ። ሞተሩ ዱግ ዱግ ይላል። ከዚያ ድምፁ ትንሽ ራቅ ያለ መሰለኝ። እንደገና ራቀ። ዐይኔን ልገልጥ አሰብኩ፤ ግን አሜን ሳይባል ዐይን መግለጥ በእናታችን ቤት እንደ ስርቆት ነው፤ ጆሯችንን ተመዝልገን ነው ያደግነው። ማቴዎስ በኋላ እንደነገረኝ፣ እሱ ሞተሩ እየጠፋ መስሎት አጥብቆ መጸለይ ጀምሮ ነበር። ግቢው እየሰከነ፣ እየሰከነ ሲሄድ ወንጌላዊ ባሳም ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"ይህን ጸጥታ ስለ ሰጠኸንም እናመሰግንሃለን። አሜን።"

"አሜን" ብለን ዐይናችንን ገለጥን።

መኪና የለም። አባቴ የለም። ታኮው ድንጋይ ጭቃው ላይ ወደ ጎን ተንሸራቶ ተቀምጧል፤ ሁለት የጎማ መስመር በተከፈተው በር ወጥቶ ሄዷል።

"ኧረ ሽማግሌዬን!" አለች እናቴ። ሁላችንም እየተጋፋን ወደ በሩ ሮጥን።

ከበሩ ላይ ሆኜ ያየሁትን እስከምሞት አልረሳውም። ያቺ ቀይ መኪና ቁልቁለቱን ትወርዳለች፤ ላይዋ ላይ ነጭ ጋቢ። ገበያተኛው ግራና ቀኝ ይበተናል፤ ቅቤ የተሸከሙ ሴቶች እንሰት ውስጥ ይገባሉ፤ አንድ አህያ ጭነቱን ጥሎ ይፈረጥጣል። ከታች፣ ከድልድዩ በፊት፣ መንገዱ ገደል አፋፍ ላይ ይታጠፋል። አባቴ በሕይወቱ መሪ ጨብጦ አያውቅም። ሁለት እጁን ዘርግቶ እርፍ እንደሚይዝ ያዘው፤ ለበሬዎቹ እንደሚለው "ሃይ! ሃይ!" ሲል ከሩቅ ሰማሁ፤ ወገቡን ወደ ጎን ጣለ። መኪናዋ አዘነበለች። ታጠፈች። ፈርቼም ነበር፣ ከፍርሃቴ ይልቅ ግን መደነቄ በለጠ፤ አባቴን ከዚያ በፊት አይቼው የማላውቅ መሰለኝ። የድልድዩ እንጨት እንደ ነጎድጓድ አጓራ፤ መኪናዋ የማዶውን ዳገት ወጣች፣ ቀስ አለች፣ ቆመች፤ ወደ ኋላ ተንሸራታ ተመለሰች፤ እንደገና ትንሽ ሄደች፤ መጨረሻ ላይ ድልድዩ ላይ ረጋች።

ስንደርስ ሞተሩ አልጠፋም። አባቴ መሪውን እንደ ጨበጠ ተቀምጧል፤ ጋቢው ከትከሻው አልወረደም። ማቴዎስ የመኪናዋን ጫፍ ይዞ ቆመ። አባቴ ቀና ብሎ አየው።

"ብረትህ እጅ ይሰማል" አለው።

አጎቴ ላንታ እያለከለከ ደረሰ። "እግዚአብሔር አወጣህ! ውረድ አሁን! ይሄን ገዳይ እዚሁ ገደል እንጨምረው፤ ልጁም ሰኞ ከኔ ጋር ይውረድ፣ ይብቃ!"

"ላንታ፣ ገበያ ደርሻለሁ እንዴ?"

"የምን ገበያ? ድልድይ ላይ ነህ!"

"እንግዲያው ምን አስወረደኝ? ማቴዎስ፣ ግባ።"

መሪውን ግን አባቴ እምቢ አለ፤ አልለቅም አለ። ማቴዎስ ምን ያድርግ፣ አባቱ እግር ሥር ተንበርክኮ ፍሬኑንና ማርሹን በእጁ እየነካ፣ አባቱ ከላይ እየመራ ዳገቱን ያዙት። ሲከብዳት እኛ ከኋላ ገፋን፤ እኔ፣ እናቴ፣ ወንጌላዊ ባሳ፤ ኋላ ኋላ አጎቴ ላንታም እየተራገመ ትከሻውን ሰጠ። ሶዶ ገበያ ስንገባ ሰው ሁሉ ለሁለት ተከፈለ። ነጋዴ ሚዛኑን አንጠልጥሎ ቀረ። ባጃጅ የሚባል ነገር ገና ባልታየበት ዘመን፣ አንድ ገበሬ ጋቢውን ደርቦ ቀይ መኪና እየነዳ ይመጣል፤ የሚያየው ሁሉ ሌላ ሹፌር እግሩ ሥር እንዳለ አያውቅም። አባቴ ወረደ፣ ለእናቴ ኮረሪማ ገዛላት፣ ከዚያ ከዘራውን ይዞ ወደ ቤት በእግሩ ተመለሰ። "መድረሱን ነው የተናገርኩት፣ መመለሱን አልተናገርኩም" አለ።

ሰኞ አጎቴ ላንታ ሌሎቹን ልጆች ይዞ ወረደ። ማቴዎስ ቀረ። መኪናዋ ሞተሯ እስኪበላ ድረስ ጥቂት ዓመት እህልም፣ ሙሽራም፣ በሽተኛም አመላልሳለች፤ እሱም እዚሁ ብየዳ ቤቱን ከፈተ፣ አገባ፣ ወለደ።

አባቴን ሰው ሁሉ "ለመሆኑ ለምን አልጮኽክም?" እያለ ይጠይቀው ነበር። "ጸሎት ይቋረጣል እንዴ?" ይላል፤ ሰው ይስቃል። ዓመት በመጣ ቁጥር በጊፋታ ይኸው ጥያቄ፣ ይኸው መልስ፣ ይኸው ሳቅ ነበር።

በመጨረሻ ታሞ በተኛ ጊዜ እኔ ነበርኩ የማስታምመው። አንድ ቀን ከሰዓት አጥሚት እያጠጣሁት ለጨዋታ ያህል ያንኑ ጠየቅኩት። አልሳቀም።

"ድንጋዩ ሲንሸራተት አይቼው ነበር" አለኝ።

"እና ለምን ዝም አሉ?"

"ብጮህ ትደርሱልኛላችሁ፣ ታወርዱኛላችሁ። ከወረድኩ ገበያ አልደረስኩም ማለት ነው። ቃሌን ሽማግሌ ሰምቶታል። ልጄን በገዛ አፌ ለአዋሽ ልሰጥ ሆነ።" አጥሚቱን ፉት አለ። "ስለዚህ መሪውን ያዝኩ፣ ዝም አልኩ።"

"አልፈሩም?"

"እንዴት አልፈራ! ገደሉ'ኮ አፉን ከፍቶ ያየኛል።"

እሑድ ዕለት መጋቢው ሲጸልዩ ይህን ነበር የማስበው። ከዚያ ወዲህ ስንት መኪና አየሁ፤ ያለ ሰው የሚሄድም መጥቷል ይሉኛል፣ ይምጣ። እኔ እስከ ዛሬ የምደነቀው በዚያ ዝምታ ነው። ማቴዎስም እዚያው ነበር፣ ጸጉሩ ገብስማ ሆኗል፤ ከመኪናው ማዶ ዐይኑን ጨፍኖ ቆሟል። አባታችንን የቀበርን ሰሞን የሰማሁትን ነግሬው ነበር።

"እኔ'ኮ በዚያ ጸሎት ላይ" አለኝ ያኔ፣ "ስለ መኪናዋ አልነበረም የምለምነው። የአባባን ልብ አራራልኝ እያልኩ ነበር።"