ለሟቹ ዘበኛ የተሰጠው ምስጋና

በ2014 ዓ.ም. ክረምት ሉብና ሰይድ፣ ከመርሳ ወጣ ብሎ ያለ የዩኒቨርሲቲ ግቢ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ፣ የግቢውን ታሪክ እንድትጽፍ ታዘዘች። ጦርነቱ ቢሮዎቹን ባዶ አስቀርቷቸዋል። የተረፈው የተማሪዎች ውጤት መዝገብ ብቻ ነው። እሱንም በጆንያ አስሮ ሣር ክምር ውስጥ የደበቀው ሟቹ ዘበኛ ይታገሱ ነው ይባላል። ሦስት ሰዎች ስለመሰከሩላት ጻፈችው።

ልቧ ግን አላረፈም። ተመልሳ ሦስቱንም፣ "አይታችኋል ወይስ ሰምታችኋል?" አለቻቸው። ሦስቱም የሰሙት ከበሩ ፊት ለፊት ሱቅ ካለው ከኑርሁሴን ነበር።

"ወላሂ እኔም አላየሁ" አላት ኑርሁሴን። "ከሱ ሌላ ማን ሊሆን ይችላል ብዬ ነው።"

ነሐሴ ላይ ቆቦ በኩል ተኩሱ እንደገና ተጀመረ። የመርሳ መናኸሪያ ፍራሽና ድስት በተሸከመ ሰው ተጨናነቀ። ወንድሟ ከደሴ፣ "ምን ትጠብቂያለሽ?" እያለ ይደውላል። ተሳፈረች። ውርጌሳ ሲደርሱ ግን "ወራጅ አለ!" አለች፤ የይታገሱ ሚስት አስካለ እዚያ ናቸው።

ማሽላ ሲያርሙ አገኘቻቸው። እንዴት እንደምትጀምር ጨነቃት።

"እትዬ አስካለ፣ ይቅር ይበሉኝና፣ ጋሽ ይታገሱ መዝገቡን ሲደብቁ አይተዋል?"

አስካለ ቀና አሉ። "እሱ መዝገብ አልነካም፣ ልጄ። ታጣቂዎቹ ሊገቡ ዋዜማ እኛን ይዞ ወጣ፤ እዚሁ መንገድ ላይ ከባድ መሣሪያ ገደለው። የቢሮዎቹን ቁልፍ ለጽዳት ሠራተኛዋ ለመሪማ ሲሰጣት አጠገቡ ቆሜ ነበር።"

"ታዲያ ለምን ዝም አሉ?"

"ልጆቼ በአባታቸው ሲኮሩ አየሁ። አፌ ተያዘ።"

ሉብና ደሴን ትታ፣ ሰው ሁሉ እየሸሻት ወዳለችው ወደ መርሳ ተመለሰች። መኪና ስላጣች ግማሹን በእግሯ ሄደች። መሪማ ዕቃዋን ስትቋጥር ደረሰችባት።

"ጆንያዎቹ በምን ታስረው ነበር?" አለቻት፣ ሰላምታውን እንኳ ሳትጨርስ።

"በመጋረጃ ገመድ። ከሬጅስትራሩ መስኮት ፈትቼ።"

ባለፈው ታኅሣሥ፣ ታጣቂዎቹ ከወጡ በኋላ፣ ሣሩ ለከብት ሲነሳ ጆንያዎቹን የፈታቻቸው ራሷ ሉብና ናት። በመጋረጃ ገመድ መታሰራቸውን ለማንም አልተናገረችም። መሪማ ያኔ ሐራ፣ የታመሙ እናቷ ዘንድ ነበረች፤ ስትመለስ ምስጋናው ለይታገሱ ተሰጥቶ ጠበቃት።

"ከሙት ጋር ልከራከር እንዴ?" አለች መሪማ። "ተይው፣ ይቅር።"

ሉብና አልተወችውም። በማግስቱ ሁለቱ አብረው ደሴ ሲወርዱ፣ በሚኒባሱ ውስጥ ጭኗ ላይ ገጹን እንደ አዲስ ጻፈች፤ ቁልፉን ያስረከበ ይታገሱ፣ መዝገቡን የደበቀች መሪማ። ጥር ላይ እንዲሁ ታተመ።

አስካለ መጽሐፉን ተቀብለው አመሰገኗት። ትልቋ ልጃቸው ግን ሉብናን ስታይ መንገድ ትለውጣለች። ሉብናም ትክክል መጻፏን እያወቀች፣ ውርጌሳን ባለፈች ቁጥር ልቧ ይረበሻል።