የሳቭሳን የምድጃ መደብ

ልጄ ጉልባሆር «ለልጆቼ ይሁን፣ ስለ እማዬ ጻፍልኝ» አለችኝ። እጄ ለብዕር አልለመደም። የማውቀውን ብቻ እጽፋለሁ፤ ከተሳሳትኩ ይቅርታ።

ሚስቴ ሳቭሳን ከመንደራችን እየተመላለሰች ሖሮግ ከተማ ትምህርት ቤት ታጸዳ ነበር። ትምህርት ቤቱ ሲታደስ ግንበኞቹ የጣሉትን ሴራሚክ በቦርሳዋ ይዛ ትመጣለች፤ በቀን ሁለት፣ ቢበዛ ሦስት። ሰማያዊ አለ፣ ነጭ አለ፣ አንዱ ላይ ግማሽ ዓሣ ተስሎበታል።

«የሰው ሚስት ከከተማ ሥጋ ይዛ ትመጣለች፣ አንቺ ድንጋይ» እላታለሁ።

«ሥጋውን በልተህ ትረሳዋለህ» ትለኛለች።

የአባቴን የጭቃ ምድጃ አቧራ ሃያ ስምንት ዓመት ጠርጋለች። ዘንድሮ ድንቹ ከተለቀመ በኋላ መዶሻ አንስታ አፈረሰችው። ጎረቤታችን በያጁ አየምቤክ የብረት ምድጃ ሠርቶልን፣ ምድጃው ግቢ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። የሚያርፍበትን መደብ ራሷ ጀመረች። ጭድና የፍየል ጸጉር ያለው ጭቃ አቦካች፣ ዘጠኝ ሴራሚክ ደረደረች። በአራተኛው ቀን ጠዋት ውሃ ልቅዳ ብላ ወጥታ ባልዲው አጠገብ ወደቀች። ልቧ ነው አሉ።

ያለቀስኩ አይመስለኝም። ሰው እጄን ሲይዘኝ እጄ የሌላ ሰው ይመስለኝ ነበር።

በእኛ ዘንድ ሰው የሞተበት ቤት ሦስት ቀን እሳት አይነድበትም፤ ምግብ ከጎረቤት ይመጣል። በሦስተኛው ቀን ማምሻ የዘይት መብራት ይበራና ከሱ የቤቱ እሳት ይለኮሳል። የእኛ ቤት ግን እሳት የሚነድበት ቦታ አልነበረውም።

ጸሎት የሚመሩልን ሽማግሌ፣ ኸሊፋ ሾናዛር፣ በሦስተኛው ቀን ገብተው ፍርስራሹን አዩ።

«ልጄ፣ ዛሬ እሳት ካልነደደ ቤቱ ተዘጋ ማለት ነው» አሉኝ።

ጉልባሆር ከምትኖርበት ከዱሻንቤ መጥታ ነበር። «ይዘጋ እንግዲህ። አባዬ ከእኔ ጋር ይሄዳል። ብቻውን እዚህ ምን ይሠራል?» አለች። ልብሴንም ሻንጣ ውስጥ ከታዋለች።

መሄዱም መቅረቱም አንድ ሆነብኝ። ኮቴን አወለቅሁና መደቡ አጠገብ ተንበረከክሁ። ለምን እንደሆነ አላውቅም። የቀረውን ጭቃ ሳቭሳን በላስቲክ ሸፍናው ነበር፣ አልደረቀም። አንድ ሴራሚክ አስቀመጥሁ። ከዚያ ሌላ።

አየምቤክ ውሃ ልክ ይዞ መጣ። «ሰውዬ፣ ይሄ እኮ ወደ በሩ ያዘነብላል።»

«እሷ ናት የደረደረችው።»

«እንግዲያው በሩ ነው የተጣመመው።» ጭቃውን በጣቱ ጫን አለና፣ «ጭቃው ግን ሳምንት መድረቅ አለበት። ዛሬ ከነደደበት ሴራሚኩ ይነሳል» አለ።

«ኸሊፋ ዛሬ ብለዋል።»

«ጭቃ ለኸሊፋ ይታዘዛል?» አለ፣ ሽማግሌው እንዳይሰሙት ቀስ ብሎ።

ምድጃውን ለሁለት ተሸክመን መደቡ ላይ አስቀመጥን። ቱቦውን በጣሪያው መስኮት አወጣነው። ሲመሽ መብራቱ በራ፣ ኸሊፋ ጸለዩ፤ ከመብራቱ ስንጥር ለኩሰው ሰጡኝ። ምድጃው ውስጥ ያለው ደረቅ የአኻያ እንጨት ነበር፣ ወዲያው ያዘ።

ትንሽ ቆይቶ ከሴራሚኮቹ መሀል እንፋሎት ወጣ። ከዚያ ጧ! አለ። አንዱ ተነሳ። ጧ! ሌላው። ሴቶቹ አፋቸውን ያዙ።

«ሳቭሳን ናት» አለ አየምቤክ። «ምን አስቸኮላችሁ እያለች ነው።»

ጉልባሆር ሳቀች፤ ሳቋ ሳያልቅ አለቀሰች። እኔ አልሳቅሁም፣ አላለቀስሁም። ቁርጭምጭሚቴን ሞቀኝ። እሱን አስታውሳለሁ።

በማግስቱ መደቡን ጠረግሁ። ሰባት ተነስቷል፣ ሁሉም እኔ ያስቀመጥኳቸው ናቸው። የሷ ዘጠኙ አልተነቃነቁም።

«አባዬ፣ መኪናው መጥቷል። እንሂድ?» አለችኝ ጉልባሆር።

«ጭቃው ይድረቅ። ከዚያ እነዚህን መልሼ ልደርድር።»

«ስንት ቀን ይፈጃል?»

«እንጃ» አልኳት። ባለ ግማሽ ዓሣው እጄ ላይ ነበር።

ልጄ ቆማ አየችኝ። ሻንጣውን ከፈተችና ልብሴን አውጥታ ሚስማሩ ላይ መልሳ ሰቀለችው። ከዚያ ምድጃው ውስጥ አንድ እንጨት ጨምራልኝ ወደ መኪናው ወጣች።