የጊቤ እሸት

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። ትምህርቴን ያቆምኩት ከስድስተኛ ክፍል ነው፣ ሰው ፊት መናገርም አይሆንልኝም። ግን ክረምት በገባ ቁጥር አየር ጤና ፌርማታ ላይ ሴቶች ከሰል አቀጣጥለው በቆሎ መጥበስ ሲጀምሩ ያ ሽታ ይመጣብኛል፣ እኔም የታክሲ ሰልፌን ትቼ፣ መንገዱን ተሻግሬ፣ እስከሚቀጥለው ፌርማታ በእግሬ እሄዳለሁ። ለምን እንደምሸሽ ለማንም ሳልናገር ኖሬ፣ ባለፈው ግንቦት ለአንድ ሰው ብቻ ነገርኩ።

ቤታችን ኮልፌ፣ ከአጣና ተራው ጀርባ ነው። አባባ የባሕር ዛፍ አጣና ይሸጥ ነበር። ክረምት ሲገባ ግን ቤት የሚሠራ ሰው ስለሚጠፋ ገበያው ይቀዘቅዝና፣ ጊቤ በረሃ ከአንድ የአገሩ ሰው ጋር በእኩል ወደሚያርሰው የበቆሎ ማሳ ሁላችንንም ይዞ ይወርድ ነበር። ትምህርት ቤት እንደተዘጋ ሸራውን፣ ድስቱን፣ ጄሪካኑንና ሁለቱን ውሾቻችንን፣ መቻልንና ቡቺን፣ አይሱዙ ላይ ጭነን፣ እኔና ታናሽ ወንድሜ ተመስገን ጆንያ ላይ ተቀምጠን፣ የውሾቹን አንገት አቅፈን እንሄድ ነበር። ጎረቤታችን እትዬ አስካለ በራቸው ላይ ቆመው፣ «እናንተ ደግሞ እንደ ፈረንጅ ውሻ ይዛችሁ ሽርሽር ለመዳችሁ» እያሉ ይስቁብን ነበር። አባባ አብሯቸው ይስቃል፣ እማዬ ግን አትስቅም ነበር። ታላቅ ወንድሟ እዚያው በረሃ በወባ ሞቶባታል፤ እሸት በልቶ ነው የሞተው ተብሎ ነበር የተነገራት።

ጊቤ እንደ ኮልፌ አይደለም። ሐምሌ ላይ ዝናቡ ባባራ ቁጥር ፀሐይ ትወጣና መሬቱ ክዳኑ እንደተነሳ ድስት ይተናል፣ ልብሳችን ከላያችን ላይ ደርቆ አያውቅም፣ ውሾቹም ምላሳቸውን ጎልጉለው ወንዝ ዳር ጭቃ ውስጥ ተዘርግተው ይውላሉ። አባባ ከኮልፌ ያመጣውን አጣና ተክሎ ሸራውን ይወጥርና፣ አራታችንም ከሥሩ ተጣበን እንተኛ ነበር። በቆሎው ማፍራት ሲጀምር ጦጣና ከርከሮ ስለሚመጣ፣ ሌሊት ሁለቱ ውሾች ማሳው ዳርና ዳር ታስረው ሲጮሁ ያድራሉ፣ ቀን ደግሞ አባባ ማማው ላይ ወጥቶ በወንጭፍ ይጠብቃል። ተመስገን ጠጠር አቀባይ ነኝ እያለ አብሮት ማማው ላይ ይውል ነበር።

የጤና ሠራተኞች አንድ አጎበር ሰጥተውን ነበር። አባባ ጦጣ እንዳያልፍ ብሎ አጥሩ የሳሳበት ቦታ ላይ ወጠረው፣ እማዬም አልተቃወመችም፤ በእኛ ቤት ወባ የሚገባው በአፍ ነበር። በቆሎው እስኪደርቅ አንዲት ፍሬ እንዳንቀምስ እኔንና ተመስገንን በገብርኤል ታስምለን ነበርና፣ በበቆሎ መሃል እየኖርን ከኮልፌ ያመጣነውን ሽሮና ቆሎ እንበላ ነበር።

አሥር ዓመት የሞላኝ ክረምት፣ ነሐሴ ላይ፣ እማዬ ልብስ ልታጥብ ወንዝ ስትወርድ ጠብቄ አንድ እሸት ቆርጬ ጠበስኩ። ለሁለት ሰብሬ ግማሹን ለተመስገን ሰጠሁት። እሱ ገና ሰባት ዓመቱ ነበር። እንደዚያ የጣፈጠኝ ነገር ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም የለም። ቆረቆንዳውን ወንዝ ውስጥ ወርውሬ፣ ለእማዬ ብትናገር ሁለተኛ አላጫውትህም አልኩት። «አልናገርም፣ ምላሴ ይቆረጥ» አለኝ፣ ምላሱን አውጥቶ እያሳየኝ።

መስከረም እንደጠባ፣ በእንቁጣጣሽ ማግስት፣ ተመስገን ቀትር ላይ ከማማው ወርዶ በረደኝ አለ። በዚያ ሙቀት ብርድ ልብስ ለብሶ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ጤና ጣቢያው የግማሽ ቀን መንገድ ነበር፣ ያውም ታማሚ ተሸክሞ። እማዬ ክንዴን ይዛ ሸራው ሥር አስገባችኝና፣ «እሸት ቀምሷል? እውነቱን ብቻ ንገሪኝ፣ አልመታሽም» አለችኝ።

«አልቀመሰም» አልኳት።

ተመስገንን ራሱን ጠየቀችው። መጀመሪያ ወደ አባባ፣ ቀጥሎ ወደ እኔ አየና፣ ጥርሱ እየተንቀጫቀጨ ራሱን ነቀነቀ፣ አልበላሁም ለማለት። አባባ የመቻልን ገመድ ይቋጥር ነበር፤ ቀና ብሎ አየኝ፣ ተመልሶም አቀረቀረ። የእማዬ ፊት ወዲያው ፈካ። እሸት ካልቀመሰ ወባ አይደለም፣ ማማው ላይ ፀሐይ የመታው ምች ነው አለችና፣ ዳማከሴ ፍለጋ ሄደች። ሁለት ቀን ሙሉ እየጨመቀች በአፍንጫው አንጠበጠበችለት፣ ገላውን አሸችው። እኔ አጠገቡ ተቀምጬ ዝንብ እከላከልለት ነበር። ልናገር አፌን እከፍትና እማዬ ደስ ብሏት ቅጠሉን ስትጨምቅ ሳያት መልሼ እዘጋዋለሁ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ቡቺ ከማማው ሥር አፈር ጭራ ሦስት ቆረቆንዳ አወጣች። እሳት ያጠቆራቸው ነበሩ፣ የትንሽ ልጅ ጥርስም ይታይባቸዋል። እማዬ አንዱን ከውሻዋ አፍ ነጥቃ አገላብጣ አየችው። ማንንም አልተቆጣችም። ወደ አባባ ዞራ፣ «ቃሬዛ ሥራ» አለችው ብቻ። ለቃሬዛ የሚሆን ሌላ ቀጥ ያለ እንጨት ስላልነበረ አባባ የሸራውን አጣና ነቀለ፣ ሸራውም ተመስገን ላይ ወደቀ፣ አባባና አብሮት የሚያርሰው ሰው ከዚያው ከአጣናውና ከሸራው ቃሬዛ ሠርተው ተሸከሙት። ውሾቹ ከኋላ ይከተሉን ነበር። አስፋልቱ መታየት ሲጀምር እማዬ አውርዱት አለች፣ ተንበርክካም ጆሮዋን ደረቱ ላይ አደረገች፣ ከዚያም ቀና ሳትል ቆየች።

እዚያው አገር ቀብረነው ወደ ኮልፌ ተመለስን። እትዬ አስካለ ከአይሱዙው ስንወርድ አይተው እንደልማዳቸው ሊቀልዱ አፋቸውን ከከፈቱ በኋላ ቆጠሩን። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው እዚያው በራቸው ላይ ተቀመጡ።

የእኔና የእሱ ቆረቆንዳ ወንዝ ገብቷል፤ ቡቺ ያወጣቻቸው ሦስቱ እንግዲህ ብቻውን ሰርቆ የበላቸው ናቸው፣ ያስለመድኩት ደግሞ እኔ ነኝ ብዬ አመንኩ። እማዬ በሁለተኛው ዓመት ሞተች፣ እኔም ለአባባ ቤት ልይዝለት ትምህርቴን ተውኩ። ካደግሁ በኋላ አንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ቤት ለቤት ስትዞር ወደ እኛም ገባችና፣ አንገቴን ደፍቼ እሸት ወባ ያመጣል ወይ ብዬ ጠየቅኳት። ስቃ፣ የምታመጣው ትንኝ ናት አለችኝ። ለአንድ ቀን ቀለለኝ። በማግስቱ አጥሩ ላይ የወጠርነው አጎበር ትዝ አለኝ፣ ቀጥሎም ሌላው መጣ፦ እሸቱ ባይገድለውም እኔ አልቀመሰም ባልል ኖሮ እማዬ በመጀመሪያው ቀን ታሸክመው ነበር።

አሁን ውሾቹም የሉም፣ አባባም ሰኔ ላይ ስኳር ሕመሙ ጠንቶበት ሞተ። ያኔ አንድ ሸራ ሥር አራት ሆነን ስንተኛ እግር መዘርጊያ አጥተን እንጣላ ነበር፤ ዛሬ ሁለቱ ክፍል ለእኔ ብቻ ነው፣ የምተኛው ግን ያኔ እንደለመድኩት ግድግዳውን ተጠግቼ ነው።

ለአባባ የነገርኩት ግንቦት ላይ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐይ ላይ አውጥቼው እግሩን ሳጥበው ነው። ቀና ብዬ ሳላየው ሁሉንም ነገርኩት፣ ግማሹን እሸት፣ ወንዙን፣ ለእማዬ የመለስኩትን። ስጨርስ እሱም መለሰልኝ። ከዚያ በኋላ እስኪሞት ውኃ ስጪኝ፣ አልብሺኝ ከማለት በቀር አላናገረኝምና፣ የመጨረሻ ንግግሩ ብዬ የያዝኩት ይህን ነው።

«ማማው ላይ እየጠበስኩ አበላው የነበርኩት እኔ ነኝ። ቆረቆንዳውንም እናትሽን ፈርቼ የቀበርኩት እኔ ነኝ። አልቀመሰም ስትያት ተገላገልኩ ብዬ ዝም አልኩ።» እግሩን ከሳፋው አወጣ፣ ላደርቅለት ስል ከለከለኝ። «አንቺስ ልጅ ነበርሽ፤ እኔ ምን ነበርኩ?»